ዘይቱ ለሕመምተኛ ነው ወይስ ለሟች?

መርካቶ ራጉኤል አጠገብ ጧፍና ዕጣን ለመግዛት የወረድን ሁሉ እንደምናውቀው፣ በዚያ ሰፈር ዘይት ይበላል፣ ይቀባል፣ ይበራል። ባለ ሱቁ ለወጥ ይሸጠዋል፤ ባልቴቷ ደግሞ ከደጀ ሰላም ያመጣችውን ቅብዓ ቅዱስ በብልቃጥ ይዛ ለታመመ ልጇ ትገሰግሳለች። ለልጇ ዘይት በመያዟ ማንም አይደነግጥም። ቄስ ዘይት ይዞ ወደ አንድ ካቶሊክ ቤት ከገባ ግን ጎረቤት «በቃ፣ አለቀለት» ይላል። ይኸ ድንጋጤ ከየት መጣ?

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 የሚያዘው የታመመ ሰው ቀሳውስትን ጠርቶ፣ በዘይት ተቀብቶ እንዲጸለይለት ነው። የሚያጣጥር አላለም። በእኛም አገር ኦርቶዶክሳውያን ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱን «ምሥጢረ ቀንዲል» ብለው የሚጠሩት፣ መብራት እያበሩ ስለ በሽተኛው ፈውስ ስለሚጸልዩ ነው።

በምዕራቡ ዓለም ነገሩ ቀስ በቀስ ተጣመመ። የሮማው ጳጳስ ቀዳማዊ ኢኖሰንት እ.ኤ.አ. በ416 ስለ ሕመምተኞች ቅብዓት ሲጽፍ ስለ ሕመምተኞች ብቻ ነበር የጻፈው። በመካከለኛው ዘመን ግን ንስሐው እየከበደ፣ ሰው ቅብዓቱን እስከ መጨረሻዋ ሰዓት እያቆየ ሄደና ስሙ ራሱ «የመጨረሻ ቅብዓት» ሆነ። ስም እንግዲህ ቀላል ነገር አይደለም! በሽተኛው ቄሱን ሲያይ ሞቱን ያይ ጀመር፤ ቤተ ዘመድም ቄስ መጥራቱን ፈራ።

ወደ እኛ አገር የመጣው የካቶሊክ ትምህርት ሌላም ሸክም ነበረበት። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገለጡ፤ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት መለሱ። «መርካቶ» የሚለው ስም እንኳ ጣልያንኛ ነው። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አንሥቶ «የአገሬው ሰው ገበያ» ብሎ ወደ ምዕራብ አዛወረው። በእንዲህ ያለ ከተማ የካቶሊክ ቄስ ዘይት ከፈረንጅ ነገር ጋር ቢደባለቅ ምን ይገርማል?

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 «ቅብዓተ ሕሙማን» የሚለው ስም ይሻላል አለ። ከዚያ ጳጳስ ጳውሎስ ስድስተኛ ኅዳር 21 ቀን 1965 ዓ.ም. (ለእኛ ኅዳር ጽዮን ዕለት ነው) አዲሱን ሥርዓት ደነገጉ። ቀድሞ ዐይን፣ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ ከንፈርና እጅ ይቀቡ ነበር፤ አሁን ግንባርና እጅ በቂ ሆነ። ለእኛ ግን ትልቁ ለውጥ ሌላ ነው፤ የወይራ ዘይት በማይገኝበት ቦታ ከሌላ ተክል የተጨመቀ ዘይት ተፈቀደ። የኛ ወይራ እኮ ግንዱ ለማገዶ፣ ጢሱ ለወተት ዕቃ ማጠኛ ነው እንጂ ፍሬው ሲጨመቅ ማን አይቷል? ኑግ ግን በየገበያው ሞልቷል። ባሕር ተሻግሮ ይመጣ የነበረውን ቅብዓት በሕጉ መሠረት የአገሬው ገበሬ ሊያቀርበው ይችላል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 የማዘር ቴሬዛ እኅቶች አዲስ አበባ ገቡ። ስድስት ኪሎ ያለውን ቤታቸውን ከግቢያችን ስንወጣ እናልፈዋለን። መንገድ ዳር የወደቀ ሰው ወደዚያ ሲገባ አንዳንዱ ይሞታል፣ አንዳንዱ ድኖ ይወጣል፤ ዘይቱም ለሁለቱም ነው። መርካቶ ላይ ኩንታል ሲሸከም ኖሮ ጉልበቱ የከዳው ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው ውሃ ነው።