የመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሮች ማስተዳደሪያ ሶፍትዌርን ወደ አዲስ ስሪት ማሸጋገር፤ የሚጠይቀው ዝግጅትና ጥንቃቄ

በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮች ያሉት መሥሪያ ቤት ባለሙያዎቹ በየቢሮው እየዞሩ ሶፍትዌር እንዲጭኑና እንዲያድሱ በማድረግ ብቻ ሥራውን ሊያካሂድ አይችልም። ይህን ተግባር ከአንድ ማዕከል ለማከናወን የሚያገለግለው የኮምፒዩተር ሥርዓቶች ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ነው። ሶፍትዌሩ በመሥሪያ ቤቱ ምን ዓይነትና ስንት ኮምፒዩተሮች እንዳሉ ይመዘግባል፤ ፕሮግራሞችን ይጭናል፤ የደኅንነት ማስተካከያዎችን ያሰራጫል፤ ማስተካከያውን የተቀበሉትንና ያልተቀበሉትን ኮምፒዩተሮች ለይቶ ሪፖርት ያቀርባል።

ማስተዳደሪያው ራሱም በየጊዜው ወደ አዲስ ስሪት መሸጋገር ይኖርበታል። ይሁንና ሽግግሩ አንድን ተራ ፕሮግራም ከመቀየር የተለየ ነው። ማስተዳደሪያው በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተሮች ሁሉ ላይ ትዕዛዝ የማስፈጸም ሥልጣን ያለው በመሆኑ፣ በሽግግሩ ወቅት የሚፈጸም ስህተት በአጭር ጊዜ ውስጥ ሁሉንም ሊያዳርስ ይችላል። በአንጻሩ ሽግግሩ ሲዘገይ መሥሪያ ቤቱ የአምራቹ ድጋፍ በተቋረጠበት መሣሪያ ለመሥራት ይገደዳል። በመሆኑም ጉዳዩ ለቴክኒክ ባለሙያዎች ብቻ የሚተው ሳይሆን የሥራ ኃላፊዎችን ውሳኔ የሚጠይቅ ነው።

የማስተዳደሪያው አደረጃጀት

ማስተዳደሪያው ከማዕከላዊ ሰርቨር፣ መዝገቡ ከሚቀመጥበት የመረጃ ቋትና በእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ላይ ከሚጫን ወኪል ፕሮግራም የተዋቀረ ነው። ወኪሉ በተወሰነለት ጊዜ ከማዕከሉ ጋር እየተገናኘ ትዕዛዝ ይቀበላል፤ የኮምፒዩተሩን ሁኔታም ያሳውቃል። ራቅ ባሉ ቅርንጫፎች ደግሞ የማከፋፈያ ሰርቨሮች ይተከላሉ። አንድ ትልቅ ፋይል አንድ ጊዜ ወደ ቅርንጫፉ ከተላከ በኋላ በዚያ ያሉት ኮምፒዩተሮች ከአቅራቢያቸው ስለሚወስዱት የኔትወርኩ መስመር አይጨናነቅም።

በዘርፉ በስፋት ከሚታወቁት ምርቶች አንዱ የማይክሮሶፍት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲስተምስ ማኔጅመንት ሰርቨር በሚል ስያሜ ያወጣው ነው። ምርቱ በ1999 ሁለተኛ ስሪቱን፣ በ2003 ደግሞ ዓመቱን በስያሜው የያዘውን ስሪት አግኝቷል። በ2007 ስሙ ሲስተም ሴንተር ኮንፊገሬሽን ማኔጀር ተብሎ የተለወጠ ሲሆን፣ በ2012 መሠረታዊ የአደረጃጀት ለውጥ ያለው ስሪት ተከትሏል። ከታኅሣሥ 2015 ጀምሮ ደግሞ ስሪቶቹ በወጡበት ዓመትና ወር ቁጥር መጠራት ጀምረዋል። የእነዚህ ስሪቶች ታሪክ የሽግግር ሥራ ምን እንደሚመስል በጉልህ ያሳያል።

መዘግየት የሚያስከትለው ጉዳት

የ2007ቱ ስሪት የአምራቹ ድጋፍ ሐምሌ 9 ቀን 2019፣ የ2012ቱ ደግሞ ሐምሌ 12 ቀን 2022 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተቋርጧል። ድጋፍ የተቋረጠበት ሶፍትዌር በዕለቱ ሥራውን አያቆምም። ነገር ግን አዲስ የደኅንነት ክፍተት ሲገኝበት ማስተካከያ አይወጣለትም፤ ከዚያ በኋላ የሚወጡትን የዊንዶውስ ስሪቶች ለማስተዳደርም ዋስትና አይኖረውም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 በማብቃቱ ኮምፒዩተሮቻቸውን ወደ ዊንዶውስ 11 የሚያሸጋግሩ መሥሪያ ቤቶች አስቀድመው ማስተዳደሪያቸው አዲሱን ሥርዓት የሚቀበል መሆኑን ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል።

ማስተካከያን በወቅቱ አለማዳረስ ምን እንደሚያስከትል በ2017 የደረሰው የዋናክራይ ጥቃት ይመሰክራል። ጥቃቱ የተጠቀመበትን ክፍተት የሚደፍነው ማስተካከያ የወጣው መጋቢት 14 ቀን 2017 ሲሆን፣ ጥቃቱ የተሰራጨው ግንቦት 12 ቀን ነበር። በመካከሉ 59 ቀናት ነበሩ። ይሁንና በእንግሊዝ የብሔራዊ ጤና አገልግሎት ከ236 የሆስፒታልና የጤና ተቋማት አስተዳደሮች 80ው፣ እንዲሁም 595 የጠቅላላ ሐኪም ክሊኒኮች በጥቃቱ ተጎድተዋል። በአገሪቱ ብሔራዊ የኦዲት መሥሪያ ቤት ሪፖርት ላይ እንደሰፈረው ከ19 ሺህ በላይ የሕክምና ቀጠሮዎች ሳይሰረዙ እንዳልቀሩ ተገምቷል። ማስተካከያው ወጥቶ የነበረ ቢሆንም በየኮምፒዩተሩ አልተጫነም ነበር። ማስተካከያን ወደ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር የሚያደርሰውና መድረሱንም የሚያረጋግጠው ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሩ በመሆኑ፣ የእርሱ ማርጀት የመሥሪያ ቤቱን አጠቃላይ ጥበቃ ያዳክማል።

ሁለቱ የሽግግር መንገዶች

ወደ አዲስ ስሪት ለመሸጋገር ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው በነባሩ ሰርቨር ላይ አዲሱን ስሪት መጫን ነው። አዲስ ሰርቨር መግዛት ስለማያስፈልግ ወጪው አነስተኛ ሲሆን ነባሩ መዝገብም እንዳለ ይቀጥላል። ጉድለቱ መመለሻው አስቸጋሪ መሆኑ ነው። ጭነቱ በመሃል ቢበላሽ ወደ ቀድሞው ሁኔታ መመለስ የሚቻለው አስቀድሞ ከተወሰደ መጠባበቂያ ቅጂ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መንገድ አዲሱን ማስተዳደሪያ ከነባሩ ጎን በሌላ ሰርቨር ተክሎ ሥራውን ደረጃ በደረጃ ማዛወር ነው። ተጨማሪ ሰርቨርና ጊዜ ይጠይቃል፤ ነገር ግን አዲሱ እስኪፈተን ድረስ ነባሩ ሥራውን ይቀጥላል።

ከ2003ቱ ወደ 2007ቱ ስሪት ለመሻገር ሁለቱም መንገዶች ይፈቀዱ ነበር። በነባሩ ላይ ለመጫን የ2003ቱ ስሪት ቢያንስ ሁለተኛውን ሰርቪስ ፓክ መያዝ፣ የመረጃ ቋቱም ወደ ኤስኪውኤል ሰርቨር 2005 ማደግ ነበረበት። ሥራው ከማዕከላዊው ሰርቨር ተጀምሮ ወደ በታቾቹ ይወርዳል። የ2003ቱ ስሪት ያስተዳድራቸው የነበሩትን ዊንዶውስ 98 እና ዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 የ2007ቱ ስለማይቀበል፣ አሮጌ ኮምፒዩተሮችን ለይቶ ማወቅ የዝግጅቱ አካል ነበር።

ከ2007ቱ ወደ 2012ቱ በተደረገው ሽግግር ግን በነባሩ ላይ መጫን አልተፈቀደም። አዲሱ ስሪት ባለ 64 ቢት ሰርቨር የሚጠይቅ ሲሆን የሰርቨሮቹ የእርከን አደረጃጀትም ተለውጦ ነበር። ስለዚህ አዲሱ ተቋቁሞ ከነባሩ መረጃ የሚወስድበት የሽግግር መሣሪያ ተዘጋጀ። መሣሪያው ያለ ሌላ ትዕዛዝ በየአራት ሰዓቱ ከነባሩ መረጃ የሚሰበስብ ሲሆን፣ ነባሩ ስሪት ሁለተኛውን ሰርቪስ ፓክ እንዲይዝና የሁለቱ ሰርቨሮች መለያ ኮድ የተለያየ እንዲሆን ያስፈልግ ነበር። ከ2012ቱ ወደ 2015ቱ በተደረገው ሽግግር ደግሞ በነባሩ ላይ መጫን እንደገና ተፈቅዷል። ከዚህ እንደሚታየው አንድ ጊዜ የሠራ መንገድ በሚቀጥለው ሽግግር ላይሠራ ይችላል። የመንገዱ ምርጫ በጀት ከመጠየቁ በፊት መታወቅ አለበት።

የማይሸጋገሩ መረጃዎች

አዲስ ሰርቨር በሚተከልበት ሽግግር የነባሩ መዝገብ በሙሉ አይዛወርም። በ2012ቱ ሽግግር የፕሮግራም ጥቅሎች፣ የኮምፒዩተር ስብስቦችና የደኅንነት ማስተካከያ ዝግጅቶች ተዛውረዋል። የኮምፒዩተሮች የንብረት ምዝገባ ታሪክ፣ የተጠቃሚዎች የሥልጣን ድልድል፣ የተዘጋጁ መጠይቆችና ሪፖርቶች ግን አልተዛወሩም። ሰዎችንና ኮምፒዩተሮችን አደባልቆ የያዘ ስብስብም አስቀድሞ ካልተከፈለ አይዛወርም ነበር።

ይህ ለአስተዳደር ሥራ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። ለውስጥ ኦዲት ወይም ለዓመታዊ የንብረት ቆጠራ የሚፈለግ ሪፖርት ካለ ነባሩ ሰርቨር ከመዘጋቱ በፊት ታትሞ ወይም በሌላ ቦታ ተገልብጦ መቀመጥ ይኖርበታል። የሥልጣን ድልድሉ እንደ አዲስ የሚሠራ በመሆኑም፣ ከመሥሪያ ቤቱ የለቀቁ ወይም ወደ ሌላ የሥራ መደብ የተዛወሩ ሠራተኞች ይዘውት የቆዩትን ሥልጣን ለማንሳት ጥሩ አጋጣሚ ይፈጥራል።

ጥድፊያ የሚያስከትለው ጉዳት

ማስተዳደሪያው ያለው ሥልጣን በስህተት ሲውል ምን ሊደርስ እንደሚችል በአሜሪካ የሚገኘው የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ግንቦት 14 ቀን 2014 ያጋጠመው ሁኔታ ምሳሌ ነው። ዊንዶውስ 7ን እንደ አዲስ የሚጭን ትዕዛዝ በስህተት በማስተዳደሪያው ሥር ወዳሉ የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ሁሉ ተላለፈ። የትዕዛዙ የመጀመሪያ ተግባር የኮምፒዩተሩን ዲስክ መሰረዝ ነበር። ስህተቱ ታውቆ የማስተዳደሪያው ሰርቨር እንዲጠፋ በተደረገበት ጊዜ የሰርቨሩ የራሱ ዲስክም ተሰርዞ ተገኝቷል።

ከዚህ ሁለት ጉዳዮችን መገንዘብ ይቻላል። አንደኛው፣ «ሁሉም ኮምፒዩተሮች» የሚለው ስብስብ የትዕዛዝ መድረሻ መሆን እንደሌለበት ነው። ሁለተኛው፣ የማስተዳደሪያው መጠባበቂያ ቅጂ በራሱ በማስተዳደሪያው ሥር ባለ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ መቀመጥ እንደሌለበት ነው። የ2012ቱ የሽግግር መሣሪያ የተዛወሩ የጭነት ትዕዛዞችን ባለሙያው እንዲሠሩ ካልመረጠ በስተቀር ሳያስጀምር የሚያቆያቸውም ለዚሁ ጥንቃቄ ነው።

ከሽግግሩ በፊት መከናወን ያለባቸው

በመጀመሪያ የሰርቨሮች፣ የቅርንጫፎች፣ የኔትወርክ መስመሮችና የኮምፒዩተሮች ዝርዝር መዘጋጀት አለበት። በዚህ ወቅት የማያስፈልጉ አሮጌ ጥቅሎችና ስብስቦች ይወገዳሉ። የማያስፈልግን ነገር ማዛወር ጊዜና የዲስክ ቦታ ከማባከን በቀር ጥቅም የለውም።

ሁለተኛው የመጠባበቂያ ቅጂ ነው። ቅጂው መወሰዱ ብቻ በቂ አይደለም፤ በሌላ ሰርቨር ላይ ተመልሶ ተከፍቶ መሥራቱ መረጋገጥ አለበት። በ2007ቱና በ2012ቱ ስሪቶች የመረጃ ቋቱ ቅጂ ወደ አዲሱ ስሪት ያለ ችግር ማደግ መቻሉን የሚፈትን ትዕዛዝ ከመጫኛው ጋር ይቀርብ ነበር። ሙከራው በቅጂው ላይ እንጂ በሥራ ላይ ባለው ቋት ላይ አይደረግም።

ሦስተኛው የሙከራ ቡድን መምረጥ ነው። ቡድኑ ከየሥራ ክፍሉ፣ ከየኮምፒዩተር ዓይነቱና ቢያንስ ከአንድ ሩቅ ቅርንጫፍ የተውጣጣ መሆን አለበት። የኮምፒዩተር ክፍሉ ባለሙያዎች መሣሪያዎች ብቻ የተፈተኑበት ሙከራ የሒሳብ ወይም የመዝገብ ቤት ፕሮግራሞች ላይ የሚደርሰውን ችግር አያሳይም።

አራተኛው የመስመር አቅምን ማገናዘብ ነው። በዞንና በወረዳ ደረጃ ቅርንጫፍ ያለው መሥሪያ ቤት ትላልቅ ፋይሎችን በጠባብ መስመር ከሚልክ ይልቅ በዲስክ ጭኖ ወደ ቅርንጫፉ የማከፋፈያ ሰርቨር ቢያደርስ ይመረጣል። ምርቱም ይህን አሠራር ይፈቅዳል። በ2012ቱ ሽግግር አዲሱን ወኪል የያዙ ኮምፒዩተሮች ከነባሩ የማከፋፈያ ሰርቨር እንዲጠቀሙ መፈቀዱም ፋይሎቹን ሁለት ጊዜ ከመላክ አድኗል።

በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች የሰዓት አቆጣጠርም ልዩ ትኩረት ይሻል። ሶፍትዌሩ የሚከተለው የአውሮፓውያንን ቀንና ሰዓት ነው። ኮምፒዩተሮችን አጥፍቶ የሚያስነሳ ትዕዛዝ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲፈጸም ታስቦ በሶፍትዌሩ ላይ 8 ቁጥር ቢሞላ፣ ትዕዛዙ የሚፈጸመው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለትም ሠራተኛው ወደ ቢሮ በሚገባበት ጊዜ ይሆናል። የሽግግር ዕቅዱ በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ቢጻፍ ይህን ዓይነቱን ስህተት ያስቀራል። እንዲሁም የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 የሚዘጋ በመሆኑ፣ የሒሳብ መዝጊያ ሳምንታትን ለሽግግር አለመምረጥ ተገቢ ነው።

የኃላፊዎች ድርሻ

የቴክኒክ ሥራው የባለሙያዎች ቢሆንም አራት ውሳኔዎች ከኃላፊዎች ይጠበቃሉ። እነዚህም ሽግግሩ የሚጀመርበትን ቀን መወሰን፣ በሽግግሩ ወቅት ሌሎች ለውጦች እንዲቆሙ ማዘዝ፣ ብዛት ላላቸው ኮምፒዩተሮች የሚተላለፍን ትዕዛዝ ከአንድ በላይ ሰው እንዲያጸድቀው ማድረግ፣ እንዲሁም ምን ዓይነት ችግር ሲታይ ሥራው ቆሞ ወደ ቀድሞው እንደሚመለስ በጽሑፍ ማስፈር ናቸው። የመጨረሻው ውሳኔ ከሽግግሩ በፊት ካልተሰጠ፣ ችግሩ በደረሰበት ሌሊት ኃላፊነቱ በተረኛው ባለሙያ ላይ ይወድቃል።

ነባሩ ሰርቨር የሚዘጋው ሁሉም ኮምፒዩተሮች በአዲሱ መዝገብ መታየታቸው፣ ቢያንስ አንድ ዙር የደኅንነት ማስተካከያም በአዲሱ በኩል መድረሱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። አሮጌው የመረጃ ቋት የሠራተኞችን ስምና የኮምፒዩተር አጠቃቀም መረጃ የያዘ በመሆኑ፣ ዲስኩ ወደ ንብረት ክፍል ከመመለሱ ወይም ከመወገዱ በፊት መረጃው እንዳይመለስ ሆኖ መጥፋት አለበት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በሥራ ላይ በመዋሉም ይህ ጥንቃቄ ከቴክኒክ ምክርነት አልፎ ሕጋዊ ግዴታን የሚነካ ሆኗል።

በአሁኑ አሠራር እያንዳንዱ የኮንፊገሬሽን ማኔጀር ስሪት ድጋፍ የሚያገኘው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ለ18 ወራት ነው። በመሆኑም ሽግግር በየአምስት ዓመቱ የሚመጣ ልዩ ፕሮጀክት መሆኑ ቀርቶ፣ በየዓመቱ ዕቅድ ውስጥ በጀትና የሰው ኃይል ተመድቦለት የሚከናወን መደበኛ ሥራ ሆኗል።