ተጓዥን ከቤት ሆኖ መከተል

ታሪክ ጸሐፊዎች የሄደውን ሰው ይከተላሉ፤ ደጃፍ ቆሞ የቀረውን ግን ብዙ ጊዜ ይረሱታል። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ በእግሩ የዘመተውን ሠራዊት እኔም ለብዙ ዓመታት አስተምሬአለሁ። እናቶቹ ወሬውን በማን አፍ እንደ ሰሙ ግን አንድም ተማሪ አልጠየቀኝም፤ እኔም አላነሣሁትም። ስለዚህ ዛሬ ከቤቴ የማውቀውን፥ ከጉራጌ አገር ወደ መርካቶ የሚወስደውን መንገድ አነሣለሁ።

መርካቶ አሁን ባለበት ስፍራ የተተከለው በጠላት ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። አስቀድሞ ትልቁ ገበያ አራዳ፥ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበረ፤ ኢጣልያኖች ነጩንና ጥቁሩን ለይተው ለማስፈር ሲሉ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፉት፤ ስሙም ከቋንቋቸው ቀረ። ጉራጌው ግን ወደ አዲስ አበባ መመላለስ የጀመረው ከዚያ በፊት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ አገሩን ካስገበሩ በኋላ ለግብር ገንዘብ አስፈለገ፤ የእንሰቱም ማሳ ለወንድማማቾች ሁሉ አልበቃም። ስለዚህ ጎልማሳው ከተማ ገብቶ በተሸካሚነት ይጀምራል፤ ሲቀናው ሱቅ በደረቴ ይይዛል፤ ይልቁንም የታደለው ሱቅ ይከፍታል።

አባቴ ከእምድብር አካባቢ የተነሣው በ1935 ዓ.ም.፥ ከመስቀል በኋላ፥ በዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። እስከ አዲስ አበባ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በጅማ መንገድ መኪና ይሄድ ነበር፤ ነገር ግን የመኪና ሒሳብ ለእንደ እርሱ ላለ ልጅ የሚታሰብ አልነበረም። ነጋዴዎችን ተከትሎ በእግሩ ሄደ።

አያቴ ከቤቷ ሆና ተከተለችው። ዛሬ ዋቤን ተሻገረ፤ ዛሬ ወሊሶ አደረ፤ ዛሬ ቱሉ ቦሎን አለፈ፤ ዛሬ አዋሽ ደረሰ እያለች ትቈጥር ነበር። ከዋቤ በቀር እነዚህን ስፍራዎች በዓይኗ አላየቻቸውም፤ ስማቸውንና ተራቸውን ያወቀችው ከወንዶች ወሬ ነው። ደብዳቤ ለምን አልተጻጻፉም ትሉ ይሆናል። ፖስታ በአገራችን በ1886 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ ዳሩ ግን ልጁ መጻፍ፥ እናቱም ማንበብ አይችሉም ነበር። ስለዚህ በገበያ ቀን የምትሸጠው ሳትይዝ ገበያ ወጥታ ከከተማ የሚመለሱትን ትጠይቃለች። አንዱ፥ «ሰበታ ላይ አይቼዋለሁ፤ ተረከዙ ቈስሎ ያነክሳል» አላት። ወሬው ሲደርሳት ሁለት ሳምንት አልፎታል። ልጇ መርካቶ ገብቶ ሸክም ጀምሯል፤ ቍስሉም ጠግጓል። እርሷ ግን ገና ለዳነው እግር ማልቀስ ጀመረች።

ቀጥሎ ያለው የከፋ ነው። የ1936 እና የ1937 መስቀል መጣ፤ የሰው ልጅ ሁሉ ሲገባ የእርሷ ቀረ። ሦስት ሰዎች ደኅና ነው አሏት፤ አንዱ ሊስትሮ፥ አንዱ ተሸካሚ፥ አንዱ የሱቅ አሽከር ሆኗል አለ። ሦስቱም እንዳላዩት ያወቀችው ከዚህ ነው። ሰዎቹ ስለ ርኅራኄ ዋሹ፤ እኔ ግን ይህን ርኅራኄ ማመስገን አልቻልሁም።

አባቴን ካደግሁ በኋላ ጠየቅሁት። ለእናቱ ኩታ የሚገዛበት ስላልነበረው አፍሮ መቅረቱን ነገረኝ። ደኅና ነኝ ብለህ ለምን አልላክህም ብለው ዝም አለ። በ1950ዎቹ የመርካቶ ጉራጌ ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ ሲያሠሩ፥ እርሱ ከዐቅሙ በላይ ያዋጣ ነበር፤ እናቴ ስለዚህ ትቈጣው እንደ ነበረ አስታውሳለሁ።

ወደ አያቴ ልመለስ። በ1938 ዓ.ም. መስቀል አባቴ ኩታውን ይዞ ማታ ገባ። ዘመድ ሁሉ እልል ሲል፥ እርሷ ፊቱን ሳታይ ጐንበስ ብላ፥ «የትኛው እግርህ ነው?» አለችው። እርሱ የቈሰለውን ረስቶት ነበር።