«መቼ ነው የመጣኸው?»

ከደሴ ተነሥቶ የጉጉፍቱን ብርድ ተቋቁሞ፣ በአቀስታ በኩል ወርዶ መካነ ሰላም የገባ እንግዳ፣ አቧራውን አራግፎ ሻይ ካዘዘ በኋላ የሚጠይቀው ነገር የታወቀ ነው፦ «እዚህ አገር ምን የሚታይ ነገር አለ?» ከጎኑ የተቀመጠው የአገሩ ሰው በዕድሜ ገፋ ያለ ከሆነ ግን ቀጥታ መልስ አይሰጥም። በጣቱ መቁጠር ይጀምራል። ዛሬ በወሩ ስንት ነው? ማርያም መቼ ናት? ለመውሊድ ስንት ቀን ቀረው? እንግዳው የጠየቀው ቦታ ነው፤ ሰውየው የሚቆጥረው ቀን።

ይህ የአገሬው ልማድ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ ሰው ለመዝናናት ብሎ ከቤቱ የሚወጣበት ጊዜ ከመምጣቱ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት፣ የሚወጣበት ሌላ ሰበብ ነበረው፦ ንግሥ፣ ገበያ፣ ሠርግ፣ ዚያራ። ዘመድ የሚገናኘው፣ ኮበሌው ኮረዳ የሚያየው፣ አዲስ ዜማ የሚሰማው፣ በቅሎ የሚሸጠው በእነዚህ ቀኖች ነው። አንድ ቦታ ያለ ቀኑ ሲሄዱበት ድንጋይና ሣር ነው፤ በቀኑ ሲደርሱበት አገር ነው። ስለዚህ መካነ ሰላም ላይ ለእንግዳ የሚሰጠውን ምክር የሚያዳምጥ ሰው፣ ሳያውቀው የስድስት መቶ ዓመት ታሪክ ያዳምጣል።

ምክሩ ገና ከመንገዱ ይጀምራል። መካነ ሰላም ከደሴ በስተደቡብ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ በድሮው አከፋፈል የቦረና አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፣ ዛሬም የቦረና ወረዳ መቀመጫ ናት። ተሳፋሪው በመስኮት የሚያያቸውን የቦታ ስሞች ብቻ ልብ ቢል ግማሹን ታሪክ ይጨርሳል። «መካነ ሰላም» ግዕዝ ነው። «ቦረና» የኦሮሞ ጎሳ ስም ነው። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ ያለባት ቱሉ አውሊያ ደግሞ ከሁለት ቋንቋ የተሰፋች ናት፦ «ቱሉ» በኦሮምኛ ኮረብታ፣ «አውሊያ» በዐረብኛ የአላህ ወዳጆች፤ ስሟን ሲፈቱት የቅዱሳን ኮረብታ ይሆናል። ወረ ኢሉ፣ ወረ ሂመኖ፣ ወረ ባቦ የሚሉት «ወረ» ደግሞ የእገሌ ቤት፣ የእገሌ ወገን ማለት ነው። ከዚያ ሁሉ መሃል አማራ ሳይንት የሚባል ወረዳ አለ፤ በበሽሎና በዓባይ መካከል ተዘርግቶ የነበረው የጥንቱ የአማራ ግዛት ስም፣ በምድሩ ላይ ተጣብቆ የቀረበት አንዱ ቦታ ነው። ማንም ማንንም አላጠፋም፤ ሁሉም ስሙን ትቶ አለፈ፣ ወይም ስሙን ይዞ ተቀመጠ።

ስምን ካነሣን አንድ ማስጠንቀቂያ። የታሪክ መጽሐፍ ይዞ የመጣ እንግዳ መካነ ሰላምን ከመካነ ሥላሴ ጋር እንዳያምታታ። መካነ ሥላሴ ዐፄ ናዖድ ጀምሮት ልጁ ልብነ ድንግል ያስፈጸመው፣ በወርቁ የተወራለት ቤተ ክርስቲያን ነበር። በ1524 ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ጦር ቤተ አማራ ሲገባ ተቃጠለ። ዐፄ በእደ ማርያም የደከመባት አትሮንሰ ማርያምም በዚያው ዘመቻ ነደደች። የኢማሙ ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፋቂህ የጦሩን መደነቅና የምርኮውን ብዛት ጽፎልናል። የአገሩ ሰው «እዚህ ቦታ ትልቅ ነገር ነበር» ብሎ ባዶ ኮረብታ ቢያሳይ ተረት ያወራል ማለት አይደለም።

ከከተማው በጣም ቅርቡና ቀን የማይጠይቀው ደንቆሮ ጫካ ነው። ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ጫካው ግን ከብዙ አዋቂ ነኝ ባይ ይልቅ ዕድሜውን ጠብቆ የኖረ ነው። ከመካነ ሰላም 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከ1900 እስከ 3699 ሜትር ከፍታ ላይ ይወጣል ይወርዳል። ታችኛው ክፍሉ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ነው፤ ወደ ላይ ሲሉ አስታው ይከተላል፣ ከዚያ ጓሳና ጅብራ ብቻ ይቀራል። ትውፊቱ ጫካው መከልከል የጀመረው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው ይላል። በ2001 ዓ.ም. የክልል ፓርክ ሆነ፤ ኋላም ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ የሚለውን ረጅም ስም ተሸከመ። የሦስት አገር ስም በአንድ ታርጋ ላይ መለጠፉ ለመንገደኛ ቢያስቸግርም፣ የድንበሩን ሰው ሁሉ ለማስደሰት የታሰበ ይመስላል።

እዚያ ምን ይታያል? ጭላዳ በመንጋ ተቀምጦ እንደ አጫጅ ሣር ሲነጭ ይታያል። ድኩላና ሰስ አሉ፤ ነብር አለ፣ ለማየት ግን ዕድል ይፈልጋል። ዋናው ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ሁሉም በኢትዮጵያ ደጋ ላይ፣ ተራርቀው በተበተኑ ጥቂት ቦታዎች ይኖራሉ፤ ከጥቂቶቹ አንዱ ይህ የደቡብ ወሎ ደጋ ነው። ጎጃም ውስጥ ጮቄ ላይ፣ ጎንደር ውስጥ ጉና ላይ የነበሩት ጠፍተዋል። ቀበሮው የሚበላው ጓሳው ውስጥ የሚሹለከለከውን አይጥ ነው፤ ጓሳው ሲታረስ አይጡ ይሄዳል፣ አይጡ ሲሄድ ቀበሮው ይከተላል። ገብስ ፈላጊው ገበሬ ወደ ላይ እየወጣ ባለበት አገር ይህ ቀላል ክርክር አይደለም።

እንግዳው የመጣው በክረምት ከሆነ፣ የአገሩ ሰው ዐይን ይበራል። ሐምሌ 7 የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ በዓል ነዋ!

አባ ጊዮርጊስ የዚሁ አገር ልጅ ነው። ሰግላ በሚባል ቦታ ተወልዶ፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ ተምሮ፣ ከዐፄ ዳዊት እስከ ዐፄ ይስሐቅ ዘመን የኖረ ሊቅ ነው። ገድሉ የሚነግረን የልጅነቱ ታሪክ ትምህርት የከበደውን ልጅ ሁሉ ያጽናናል፦ ሰባት ዓመት ሙሉ ፊደሉ እንቢ ብሎት፣ የጓደኞቹ መሳለቂያ ሆኖ፣ ለመነኮሳቱ እህል እየፈጨ ኖረ። ከዚያ በኋላ የእመቤታችን እርዳታ ደረሰለት ይላል ገድሉ፤ እርዳታው እንዴትም ይድረስ፣ የወጣው ሰው ግን ከኢትዮጵያ ደራስያን ሁሉ ብዕሩ ከለመለመው አንዱ ነው። በየገዳሙ ሌሊቱንና ቀኑን የሚቆመው ሰዓታት የእርሱ ነው። አርጋኖንን ጻፈ። በ1416 ዓ.ም. የፈጸመው መጽሐፈ ምሥጢር ደግሞ፣ በየዘመኑ የተነሡ መናፍቃንን አንድ በአንድ እየጠራ የሚከራከር ወፍራም የነገረ መለኮት መጽሐፍ ነው። በዚያው ጊዜ ገደማ አውሮፓ ውስጥ የማተሚያ መሣሪያ ገና አልተፈለሰፈም፤ እዚህ ገደል አፋፍ ላይ አንድ ሰው ፍየል ቆዳ ላይ ከጥንት መናፍቃን ጋር ይሟገታል።

ሐምሌ ላይ በዓሉ ወደሚከበርበት ጋስጫ መሄድ ምቾት አይደለም። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል፣ ጉሙ ከዓባይ ሸለቆ ተነሥቶ መንገዱን ይሸፍናል፣ ወንዝ ይሞላል። ቢሆንም ሰው ይሄዳል፤ ዳቦ ቆሎውን ቋጥሮ፣ ዱላውን ይዞ፣ ነጠላውን በላስቲክ ጠቅልሎ። የአንድን ደራሲ ቀን ለማክበር በዝናብ ገደል የሚወርድ ሕዝብ ብዙ አገር የለም፤ ይህ ብቻውን መታየት ያለበት ነገር ነው።

ከዚያ የሚነሣው ስም ተድባበ ማርያም ነው፤ አማራ ሳይንት ውስጥ። ትውፊቱ በብሉይ ኪዳን መሥዋዕት ተሠዋባቸው ከሚላቸው አራት ቦታዎች አንዷ ናት፤ ሦስቱ አክሱም ጽዮን፣ ጣና ቂርቆስና መርጡለ ማርያም ናቸው። መርጡለ ማርያም ከዓባይ ማዶ ጎጃም ውስጥ ናት፤ ስለዚህ ከአራቱ ሁለቱ በዓባይ ግራና ቀኝ ይተያያሉ ማለት ነው። በጽሑፍ ጎልቶ የሚታየው ታሪኳ ግን ከዐፄ ገላውዴዎስ ይጀምራል። ከኢማም አሕመድ ጦርነት በኋላ የተቃጠለ አገር የተረከበው ይህ ንጉሥ ቦታዋን አሠራት፣ አከበራት፣ ለአለቃዋም «ፓትርያርክ» የሚል ማዕረግ ሰጠ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የራሷን ፓትርያርክ ያገኘችው በ1951 ዓ.ም. መሆኑን ለሚያስብ ሰው ይህ ቀላል ድፍረት አይደለም። ገላውዴዎስ በ1551 ዓ.ም. በጸሎተ ሐሙስ ከሐረሩ አሚር ኑር ጋር ሲዋጋ ሞተ፤ ራሱ ወደ ሐረር ተወሰደ፣ ቀሪው አካሉ ተድባበ ማርያም እንዳረፈ ይነገራል።

ወደ ሰሜን ለመጓዝ ጊዜ ያለው እንግዳ መቅደላ ይሂድ ይባላል። ቀኑ ሚያዝያ 6 ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ሲነሡ፣ ጋፋት ላይ ያስቀረጹትን ወደ 7 ቶን የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ አስከትለው ነበር። መንገድ አልነበረም፤ መንገዱን እየሠሩ፣ የበሽሎን ገደል እየቆረጡ፣ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ፣ ስድስት ወር በሚጠጋ ጊዜ መቅደላ አደረሱት። በሰው ጉልበት የተጎተተው ይህ መድፍ ዛሬም እዚያው አምባ አካባቢ ተቀምጧል። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ያለው አምሳያው ነው፤ እውነተኛውን መዳሰስ የሚፈልግ የወሎን ገደል መውጣት አለበት።

በስቅለት ዕለት አሮጌ ላይ ከእንግሊዝ ጦር ጋር በተደረገው ውጊያ 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ሲወድቁ ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ሁለት ብቻ ነበሩ። በትንሣኤ ማግስት፣ ማለትም ሰኞ ሚያዝያ 6፣ ንጉሡ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ዛሬ ለጎብኚ የሚታይ ነገር ለምን እንዳነሰ ያስረዳል። ታቦቱ፣ ብራናው፣ ዘውዱ፣ ጽዋው በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ወረደ፤ ደላንታ ሜዳ ላይ ጨረታ ወጥቶ ተሸጠ። ስለዚህ መቅደላን በሙሉ ማየት የፈለገ ሰው ሁለት ጉዞ አለበት፦ አንዱ ወደ ተንታ፣ አንዱ ወደ ለንደን። በ2011 ዓ.ም. ከለንደን የተመለሰው የንጉሡ ፀጉር ነው፤ የልጃቸው የልዑል ዓለማየሁ አጽም ዛሬም ዊንድዘር ነው።

የአገሩን የመዝናናት ስም በዓለም ያስጠራው ግን፣ የሚገርመው፣ እስር ቤት ነው። አምባሰል ላይ ያለችው አምባ ግሸን ለረጅም ዘመን የነገሥታት ልጆችና ወንድሞች እንዳይሸፍቱ የሚጠበቁባት ነበረች። ወሬው በፖርቱጋሎች አፍ አውሮፓ ሲደርስ መልኩን ለወጠ። ገጣሚው ሚልተን በ1667 እ.ኤ.አ. ተራራውን የገነት ተፎካካሪ አድርጎ ጠቀሰው። ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ራሴላስ» ደግሞ፣ በአማራ መንግሥት ልዑላን በዘፈንና በጨዋታ ተከበው የሚኖሩበት የደስታ ሸለቆ አደረገው፤ መጽሐፉን ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። ጆንሰን ኢትዮጵያን አልረገጠም። በደስታው ቦታ ያሰፈረው ልዑል ግን ደስታው ሰልችቶት ይወጣል፤ ይህን የግሸን እስረኞች ቢሰሙ ይስቁ ነበር። ዛሬ ግሸን የምትሞላው መስከረም 21 ነው፤ ዘርዐ ያዕቆብ አስቀመጡት የሚባለው ግማደ መስቀል ሲከበር፣ ሕዝቡ በአንዲት ቀጭን መውጫ ተሰልፎ ይወጣል።

እስካሁን የተቆጠረው የቤተ ክርስቲያን ቀን ነው፤ በወሎ ግን ጨዋታው ግማሽ ላይ አይቆምም። የዘንድሮው መውሊድ መቼ እንደሚውል የክርስቲያኑም ቤት ያውቀዋል፤ ጎረቤት ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜም ዘመድ ስለሆነ። ማንዙማ የሚያወጣ ሰው ባለበት ሌሊት፣ ድቤው ሲመታ፣ ጭብጨባው ሲቀበል፣ የሚተኛ ቤት የለም። ወዳጃ የተባለው የጋራ ልመናም አለ፤ ቡናው ተፈልቶ፣ ጫቱ ተበጥሶ፣ ዱዓው ይዘልቃል። አምባሰል የሚለው የቅኝት ስም ከዚሁ አገር የወጣ መሆኑን አብዛኛው አድማጭ ያውቃል፤ አምባሰልን በካሴት ያዳመጠና የማንዙማን ዜማ በሌሊት የሰማ ሰው ግን የሁለቱን ዝምድና ያለ አስተማሪ ይለያል።

በገና ሜዳው ላይ ጥንግ ይወጣል፤ በጥምቀት ፈረስ ያለው ፈረሱን ያሸልማል። ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም፤ የደጋ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ከገበያ ደግሞ ባና ወይም ዝተት ይገዛል። የለጋምቦና የሳይንት ብርድ በጃኬት የሚመለስ አይደለም፤ በጉ ራሱ ለብሶት የተፈተነ መከላከያ ይሻላል።

መቼም የሚሄድ አንባቢ ከተገኘ፣ ከመነሣቱ በፊት ደሴ ላይ የመንገዱን ሰላም ይጠይቅ፤ ያለፉት ጥቂት ዓመታት ለዚህ አገር ቀላል አልነበሩም። ለደንቆሮ ጫካ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው በጋ ይመቻል፤ ማለዳ ብርዱ ያይላልና ካፖርት አይረሳ። ለጋስጫ ሐምሌ 7፣ ለግሸን መስከረም 21፣ ለመቅደላ ሚያዝያ 6። መካነ ሰላም ሲደርስም «ምን የሚታይ ነገር አለ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት ቀኑን ራሱ ይንገራቸው፤ የቀረውን እነርሱ ያውቁታል።