የሚያጅብ ሰው ጆሮ
ስለ ዜማ መሣሪያና ስለ ቤንች አገር መዘምራን

ንጉሥ ዳዊት ለእግዚአብሔር ቤት መዘምራንን በሥርዐት በከፈለ ጊዜ ቍጥራቸው 288 እንደ ነበረ፥ በ24 ክፍልም እንደ ተመደቡ በመጽሐፈ ዜና መዋዕል ተጽፎ ይገኛል። በገናና መሰንቆ ጸናጽልም የያዙት ሰዎች ከሚዘምሩት ጋራ በአንድ መዝገብ ተቈጠሩ እንጂ ለብቻቸው ማኅበር አልሆኑም። ይህ ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን መሣሪያ የያዘ ሰው ሹመቱ የት ላይ እንደ ሆነ ያመለክታል።

በዛሬው ዘመን በየደብሩ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ከበሮ ይመታሉ፤ ክራርና መሰንቆ ይይዛሉ፤ ኦርጋን የሚባለውም በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሣሪያ በመዝሙር ካሴት ላይ የተሰማበት ጊዜ ነበረ። መሣሪያው ይግባ ወይስ አይግባ በሚለው ላይ ብዙ ተነግሯል። እኛ ግን ዛሬ የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ መሣሪያውን የያዘው ሰው ሥራው ምንድር ነው? ማኅበሩንስ እንዴት አድርጎ ያለማምዳል? ይህንም በታሪክ መንገድ ልንመረምረው ወደድን። ከሁሉ ይልቅ ስለ ሚዛን ተፈሪ፥ ስለ ሸዋ ቤንችና ስለ ቴፒ፥ በጠቅላላውም በደቡብ ምዕራብ ስላለው ስለ ቡናው አገር መዘምራን እናስባለን፤ በዚያ አገር ይህ ጥያቄ ከሌላው ስፍራ ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለና፤ ወደ ፊት እንገልጸዋለን።

የዜማችን አባት ቅዱስ ያሬድ እንደ ትውፊታችን ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. በአክሱም ተወለደ። ትምህርት ጠንቶበት ከመምህሩ ከጌዴዎን በኰበለለ ጊዜ፥ ወደ ዛፍ ለመውጣት ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው የወጣውን ትል አይቶ መመለሱን ሕፃናት ሳይቀሩ ያውቁታል። ይህ ታሪክ ለመዘምራን አለማማጅ ከሁሉ አስቀድሞ የተሰጠ ትምህርት ነው፤ ልምምድ ማለት የወደቁበትን ቈጥሮ ማፈር ሳይሆን ከወደቁበት ስፍራ እንደ ገና መጀመር ነውና። ቅዱስ ያሬድ በግዕዝ፥ በዕዝልና በአራራይ ድጓውንና ጾመ ድጓውን፥ ምዕራፉን፥ ዝማሬውንና መዋሥዕቱን ሠራ። በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶት ሳለ ንጉሡም ዘማሪውም አላወቁትም ይባላል፤ ሁለቱም ልባቸው ከቃሉ ዘንድ ነበረና።

ይህ ዜማ እንደ ትውፊቱ አንድ ሺህ ዓመት ያህል ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ ኖረ። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ ማለት ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት የዜማውን ምልክት እንደ ሠሩ ይነገራል። ይዘት፥ ደረት፥ ርክርክ፥ ድፋት፥ ጭረት፥ ቅናት፥ ሂደትና ቍርጥ የሚባሉት ከፊደሉ ራስ ላይ ተጻፉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የግዕዝ ፊደል የቃሉን ድምፅ ይነግረናል እንጂ ድምፁ የሚወጣበትንና የሚወርድበትን ስፍራ አይነግረንም። ሊቃውንቱም ፊደል የሚጐድለውን በምልክት ሞሉት። ምልክቱ ግን መምህሩን አላስቀረውም፤ እስከ ዛሬ ድረስ ድጓን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው የለም። አንባቢ ይህን ነገር ልብ ያድርግልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የድጓ ተማሪ በትምህርቱ ዘመን ሁሉ ከበሮ አይነካም። አቋቋም ለብቻው ትምህርት ሆኖ ከዜማው በኋላ ይመጣል። በማኅሌትም ጊዜ ሥርዐቱ እንዲሁ ነው፤ አስቀድሞ ቃሉ በቁም ዜማ ያለ መሣሪያ ይባላል፤ ከዚያ በዝማሜ መቋሚያው ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ በመረግድ ከበሮውና ጸናጽሉ ይገባሉ፤ በጽፋት ይፈጥናል፥ እጅም ይጨበጨባል። ከበሮ መቺዎቹ በቀኝና በግራ በቆሙት መዘምራን መካከል ይቆማሉ፤ ዐይናቸውም ከመሪው ላይ ነው። ከበሮው ከሁሉ ይልቅ ድምፁ የሚያስተጋባ ሲሆን ከሁሉ በኋላ እንዲገባ መደረጉ በከንቱ አይደለም። ኀይለኛው መሣሪያ ደካማውን ድምፅ እንዳይውጠው አባቶች አስቀድመው አጥር አጠሩለት።

ሥርዐቱ አዲስ ነገርን የማይቀበል ነው የሚል ሰው ቢኖር፥ የአለቃ ገብረ ሐናን ታሪክ ያስብ። በቀልዳቸው የታወቁት እኒህ ሊቅ በ19ኛው መቶ ዓመት አዲስ አቋቋም ፈጠሩ፤ ልጃቸው ተክሌም ስላስፋፋው የተክሌ አቋቋም ተባለ። የጎንደር ሊቃውንት በመጀመሪያ አልተቀበሉትም ይባላል፤ በደብረ ታቦር ግን ሥር ሰደደ። የተለወጠው የሰውነቱ እንቅስቃሴና የመቋሚያው አካሄድ ነበረ፤ የያሬድ ቃል ግን እንደ ነበረ ቀረ። እንግዲህ አጃቢው ሊታደስ ይችላል፤ የሚታጀበው ግን ይጠበቃል።

ወደ ፒያኖው እንለፍ። በ1916 ዓ.ም. መጨረሻ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ፤ መምህራቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበረ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓል ለተሰማው ብሔራዊ መዝሙር ዜማውን እርሱ ሲሠራ፥ ቃሉ የቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ መሆኑ ይነገራል። የአርመን ሙዚቀኛና የጎጃም ቅኔ ዐዋቂ በአንድ ሥራ ተገናኙ ማለት ነው። አማርኛ ቃሉን በድምፅ ከፍታና ዝቅታ አይለይምና፥ ዜማው ወደ ላይ ቢወጣ ወይም ወደ ታች ቢወርድ የቃሉ ትርጕም አልተነካም።

ፒያኖን በምንኵስና ሕይወት ውስጥ የያዙትን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩንም ሳናነሣ አናልፍም። በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወልደው በስዊስና በካይሮ ሙዚቃን ተማሩ፤ በግሸን ማርያም መንኵሰው ዐሥር ዓመት ያህል ኖሩ፤ በኋላም ኢየሩሳሌም ባለው የኢትዮጵያ ገዳም ሲኖሩ ቈይተው በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ዐረፉ። የእኒህ እናት አጨዋወት እንደ ሰዓት በእኩል አይመታም፤ እንደሚተነፍስ ሰው ይዘገያል፥ ይፈጥናልም። ያም ሆኖ ፒያኖው በማኅሌቱ ውስጥ ስፍራ አላገኘም። ነጩና ጥቍሩ ቍልፍ በተቈረጠ ስፍራ የቆመ ድምፅ ነው፤ የያሬድ ርክርክና ሂደት ግን በቍልፍና በቍልፍ መካከል ያልፋል። ይህን የሚያውቅ ሰው በኦርጋን መዝሙር ቢያለማምድ፥ ድምፁን ወደ ቍልፉ አይጐትትም፤ ቍልፉን ትቶ ድምፁን ይከተላል።

አሁን ወደ ቤንች አገር እንመለስ። በ1890 ዓ.ም. መባቻ ከፋ በዐፄ ምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባ በኋላ ወደ ደቡብ ምዕራብ ከሠራዊቱ ጋራ ካህናትም ሄዱ። የጸሎቱ ቋንቋ ግዕዝ፥ የስብከቱም አማርኛ ነበረ። የአገሩ ልጅ ግን ከእናቱ ጋራ የሚነጋገረው በቤንች ቋንቋ ነው። ዛሬ ይህ አገር ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ይገኛል።

የቤንች ቋንቋ በድምፅ ከፍታ ቃልን የሚለይ ነው። አምስት የተለዩ የድምፅ ደረጃዎች አሉት፤ ከእነርሱም በቀር ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ሌላ አለ። በፊደል አንድ የሆኑ ሁለት ቃላት በከፍታቸው ብቻ ይለያያሉ። የጎረቤቱ የሸኮ ቋንቋም እንዲሁ ቃልን በድምፅ ከፍታ ይለያል። ከዚህም የሚደንቀው፥ የቤንች ሰው ቃሉን በከንፈሩ ወይም በሁለት እጁ መካከል በፉጨት አድርጎ ለሩቅ ሰው ያደርሳል፤ አምስት አውታር ባለው ክራር ላይም ንግግሩን ያሰማል። በዚያ አገር መሣሪያ ቃልን ያጅባል ብቻ አይባልም፤ ራሱ ይናገራል።

እንግዲህ የጥያቄው ክብደት እዚህ ላይ ነው። በአዲስ አበባ የተሠራውን የመዝሙር ዜማ ወስዶ የቤንችን ቃል ያለበሰበት ሰው፥ ዜማው በሚወጣበት ስፍራ ዝቅ የሚለውን ቃል ቢያነሣው፥ በሚወርድበትም ከፍ የሚለውን ቢጥለው፥ ቃሉ ሌላ ቃል ይሆናል ወይም ትርጕም ያጣል። ከበሮ መቺውና ኦርጋን የሚጫወተው ወጣት ይህን ሳያውቁ ድምፃቸውን ባበረቱ መጠን፥ ስሕተቱን ያጸኑታል። ልጆቹ ዜማውን አክብረው ይዘምራሉ፤ የምትሰማው አሮጊት እናት ግን ምን እንደ ተባለ አታውቅም። ጸሎት ለማይሰማው ሰው ተዘመረ ማለት ነው።

ይህ ችግር በቤንች ብቻ የታየ አይደለም። በናይጄሪያ የዮሩባ ቋንቋ ሦስት የድምፅ ደረጃ አለው። የእንግሊዝ ሚሲዮናውያን መዝሙራቸውን በአውሮፓ ዜማ ወደ ዮሩባ በመለሱት ጊዜ ብዙው ቃል ከዜማው ጋራ ተጣላ። በሌጎስ ካቴድራል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1914 እስከ 1962 ኦርጋን በመጫወትና መዘምራንን በማሠልጠን ያገለገለው ኤኩንዳዮ ፊሊፕስ የቃሉን ከፍታ የሚከተል ዜማ ለመሥራት ደከመ። ልብ በሉ፤ ስሕተቱን ለማረም የተነሣው ሰባኪ ወይም ተርጓሚ ብቻ አልነበረም፤ አጃቢው ራሱ ነበረ። ዕለት ዕለት ከመዘምራን ጋራ የሚውል ሰው፥ ጆሮውን ቢከፍት፥ ከሁሉ አስቀድሞ ይሰማል።

አዲስ ኪዳን በቤንች ቋንቋ በግዕዝ ፊደል በታተመ ጊዜ የድምፁ ከፍታ አልተመለከተበትም። ከላይ ስለ አዛዥ ጌራና ስለ አዛዥ ራጉኤል ያልነውን አንባቢ እዚህ ላይ ያስታውስ። በዚያ መጽሐፍ የቤንች ቃል ያለው ከእነርሱ በፊት የያሬድ ዜማ በነበረበት ስፍራ ነው፤ ፊደል አለው፥ ምልክት ግን ከአፍ በቀር የለውም። ስለዚህ ምልክቱ የአገሩ ሽማግሌና የአገሩ እናት ድምፅ ነው።

ከዚህ ታሪክ ለመዘምራን አለማማጆችና ለመሣሪያ መቺዎች የሚጠቅም ምክር ይወጣል፤ በአጭሩ እንጻፈው።

አንደኛ፥ አጃቢው መሣሪያውን ሳያነሣ ቃሉን ይወቅ። ቋንቋው የራሱ ባይሆን ከአገሩ ተወላጅ ዲያቆን ጋራ ተቀምጦ ቃሉን ያለ ዜማ ያስነግር፤ የሚወጣውንና የሚወርደውን በጆሮው ይያዝ፤ ዜማውም ከቃሉ የሚጣላበትን ስፍራ ለመምህሩ ያመልክት።

ሁለተኛ፥ ልምምድ በቁም ዜማ ይጀመር። ከበሮው ከመጀመሪያው ቢገባ ልጆቹ ቃሉን ሳይሆን ምቱን ይማራሉ፤ ከበሮው ሲቆምም ሁሉ ይጠፋባቸዋል። የሚያስቸግረው አንዱ ስንኝ ለብቻው ተነጥሎ በዝግታ ይደጋገም፤ መዝሙሩን ከራስ እስከ እግር ደጋግሞ ማዜም ስሕተትን ያለማምዳል እንጂ አያርምም።

ሦስተኛ፥ የመነሻው ድምፅ ለደካማው ዘማሪ ይመጠን። ኦርጋኑ የፈለገውን ከፍታ ሊያወጣ ይችላል፤ የሕፃን ጕሮሮ ግን ወሰን አለው።

አራተኛ፥ መቺው መሪውን በሚያይበት ስፍራ ይቁም። በአገልግሎት ጊዜ መዘምራኑ ቢስቱ፥ ስንኝ ቢዘሉ፥ ምቱን አቁሞ አያሳፍራቸው፤ ወዳሉበት ይሂድላቸው። ማረሙ በልምምድ ቀን ይሁን።

አምስተኛ፥ ያንሣ። ብዙ ከመምታት ጥቂት መምታት ይበልጣል፤ ቃሉ ጐልቶ በሚሰማበት ስፍራ ዝም ማለትም ማጀብ ነው።

ስድስተኛ፥ አገሩን ይወቅ። የደቡብ ምዕራብ ዝናም ብዙ ነው፤ የከበሮ ቆዳ በርጥበት ይላላልና ከማኅሌት በፊት ፀሓይ ወይም የእሳት ሙቀት ይንካው። መብራት ሲጠፋ ኦርጋን ዝም ይላል፤ ስለዚህ ማኅበሩ ያለ እርሱ መዘመርን አስቀድሞ ይልመድ። ቡና በሚለቀምበት ወራት ወጣቱ ደክሞ ይመጣልና ልምምዱ ይጠር፤ ለአንድ ሰዓት በንቃት መዘመር ለሦስት ሰዓት እያንቀላፉ ከመጮኽ ይሻላል።

የአጥቢያው ካህናትና የከተማው የተማሩ ሰዎችም ድርሻ አላቸው። ክራር በእጁ የሚናገርለት የቤንች ሽማግሌ እስካለ ድረስ፥ ወጣቶቹን ወደ እርሱ ይላኩ። እርሱ ቃልን ከአውታር ጋራ ማስማማትን ከአባቶቹ ተምሮታል፤ ኦርጋን የሚጫወተው ልጅም በመጽሐፍ የማያገኘውን ትምህርት ከእርሱ ያገኛል። ይህ ሽማግሌ ሳይጠየቅ ካለፈ ግን፥ ፊደሉ ቢቀር እንኳ ምልክቱ ከእርሱ ጋራ ይቀበራል። የያሬድን ዜማ ሊቃውንት በምልክት የደረሱለት የሚያውቁት መምህራን በሕይወት ሳሉ ነበረ።

የቃል ባለቤት እግዚአብሔር፥ ለሚዘምሩት አፍን፥ ለሚያጅቡትም ጆሮን ይስጥልን። አሜን።