የእማሆይ ጽጌ ማርያም ፒያኖና የቆሎ ተማሪዎች

ስለ ኢትዮ ጃዝ ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው ሙላቱ አስታጥቄ ነው። ቀጥሎ ሳክስፎንን እንደ ፎካሪ ያስጮኸው ጌታቸው መኩሪያ ይመጣል። የሁለቱንም ሥራ በውጭው ዓለም ያስተዋወቀው «ኢትዮፒክስ» የተባለው የሙዚቃ ተከታታይ ሲሆን፣ በ2006 የወጣው 21ኛው እትም ግን የአንዲት መነኩሲት ነው፤ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ። (ዓመታቱን በሙሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ያሉ የጃዝ ወዳጆች የእርሳቸውን ፒያኖ ከጃዙ ጋር አብረው ያደምጡታል። እኛ ስለ እርሳቸው ለመጻፍ የመረጥነው ግን ዝናቸውን አይተን አይደለም። ሙዚቃቸው ከጣና ማዶ ከጎንደር አድባራት ደጅ ጋር የተያያዘ ነው፤ ያስገኘው ገንዘብም ለማን እንደዋለ የታወቀ ነው።

እማሆይ በ1923 አዲስ አበባ ሲወለዱ ስማቸው የውብዳር ነበር። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ውጭ አገር የተማሩ፣ ጎንደርንም በከንቲባነት ያስተዳደሩ ሰው ናቸው። ሴት ልጅ ፊደል መቁጠሯ ራሱ ለብዙው ሰው እንግዳ በነበረበት ዘመን ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን ስዊዘርላንድ ልከው አስተምረዋል። የውብዳር ያኔ የ6 ዓመት ልጅ ነበሩ። ታላቋ እህት ስንዱ ገብሩ በ1957 ለፓርላማ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። ታናሺቱ እዚያው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። ስለ ስንዱ ገብሩ ብቻ ሌላ ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ ለጊዜው እንለፈው።

ጣሊያን አገሪቱን ሲወር የገብሩ ቤተሰብ ከታሰሩት ጋር ተቆጥሮ በ1937 አዚናራ ወደምትባለው የጣሊያን ደሴት ተጋዘ። ከቤተሰቡ የተገደሉም ነበሩ። ከነፃነት በኋላ የውብዳር ካይሮ ሄደው ከአሌክሳንደር ኮንትሮቪች፣ ከፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር ዘንድ ገቡ። በቀን እስከ 9 ሰዓት ይለማመዱ ነበር። የካይሮው ሙቀት ግን ጤናቸውን ስለጎዳው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ኮንትሮቪችም አብሮ መጥቶ የክብር ዘበኛን የሙዚቃ ክፍል መራ። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራዎች ደግሞ ዘመናዊው ሙዚቃችን፣ ጃዙም ጭምር፣ ተኮትኩቶ ያደገባቸው ቤቶች ናቸው። ስለዚህ እማሆይ ከእነ ጌታቸው ዓለም የራቁ ሰው አልነበሩም፤ መንገዱ ነው የተለያየው።

መንገዱን የለየው አንድ ክልከላ ነው። ለንደን ሄደው ሙዚቃ የሚማሩበት ዕድል ተገኝቶላቸው ነበር፤ ፈቃድ ግን ተከለከሉ። ለ12 ቀናት እህል አልቀመሱም፤ ቤተሰብ ይሞታሉ ብሎ ቄስ እስከ መጥራት ደረሰ። ሲያገግሙ የፈለጉት ለንደንን አልነበረም። ወሎ ግሸን ማርያም ወጡ፤ በ21 ዓመታቸው መነኮሱ፤ ጽጌ ማርያምም ተባሉ። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ክልከላ እንደ በረከት ያቀርቡታል፤ ባይከለከሉ ኖሮ ይህ ሙዚቃ አይገኝም ነበር እያሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ሴት ልጅ የለፋችበትን በር ፊቷ ላይ መዝጋት በረከት አይባልም። ከተዘጋው በር በኋላ የሠሩት ሥራ የራሳቸው ነው፤ ለከልካዩ የሚቆጠርለት ምንም የለም።

በግሸን 10 ዓመት ያህል ኖሩ። ባዶ እግራቸውን ይሄዱ ነበር፤ መኖሪያቸውም የጭቃ ጎጆ ነበር። ፒያኖ አልነበረም። ግሸን ያለችው በአምባሰል ነው፤ ከአራቱ የዘፈን ቅኝቶቻችን አንዱ ስሙን የወሰደውም ከዚሁ አገር ነው።

ወደ አዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ በ1960ዎቹ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሊማሩ ጎንደር መጡ። ዜማ ፈላጊ ወደዚህ አገር መምጣቱ አያስገርምም። ድጓ የሚመሰከረው በቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት በዙር አምባ፣ አቋቋም በጎንደር ነው። ቅዱስ ያሬድ ራሱ በጣና ቂርቆስ እንደተቀመጠ ይነገራል። ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይን በቃል ለመያዝ፣ ከዚያም በምልክቱ እያነበቡ ለመዝለቅ ብዙ ዓመት ይፈጃል።

እነዚያን ዓመታት የሚያሳልፈው የቆሎ ተማሪ ምን እንደሚመስል ለባሕር ዳር ሴት አይነገራትም። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ለውሻ በትር ይዞ ደጃችን ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ያደረ እንጀራም ቢሆን ቁራሽ እንሰጠዋለን። እማሆይም ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ ከቅጥሩ ደጃፍ ሜዳ ላይ የሚያድሩ ወጣቶች ያዩ ነበር። እነማን እንደሆኑ ሲጠይቁ የዜማ ተማሪዎች መሆናቸው ተነገራቸው፤ ምግባቸውን ለምነው ያገኛሉ፣ ማደሪያ የላቸውም። እኛ ቁራሹን ሰጥተን በሩን እንዘጋለን፤ ልጁ የት እንደሚያድር የምንጠይቀው ስንቶቻችን ነን?

እማሆይ ጠየቁ። የሚሰጡት ገንዘብ ግን አልነበራቸውም። የነበራቸው ሙያ ነው፤ ስለዚህ ሸክላ ለማስቀረጽ ወሰኑ። የመጀመሪያው በ1967 ጀርመን አገር ታተመ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ገቢው ለድሆች ተማሪዎችና ወላጅ ላጡ ልጆች ዋለ። በማኅበራችን ቁጠባ ስንጀምር አንዳችን በመጋገር፣ ሌላችን በጥልፍ እንደተነሣን ሁሉ እርሳቸው በፒያኖ ተነሡ ማለት ይቻላል። ልመና አልነበረም፤ የእጅ ሥራ ነበር፤ ገዢውም በገንዘቡ ልክ ዕቃ አግኝቷል።

ሙዚቃቸውን ሰምታችሁት ካልሆነ፣ አብዛኛው ግጥም የለውም፣ ከበሮም የለውም። ግራ እጃቸው ቀስ እያለ መሠረቱን ይይዛል። ቀኝ እጃቸው በአምስቱ ድምፆች ላይ ይንከራተታል፤ አንዱን ድምፅ ከመልቀቁ በፊት ዜማ የሚያዜም መሪጌታ እንደሚያደርገው ያርገበግበዋል። ምት አይቆጥርም፤ ይዘገያል፣ ድንገት ይሮጣል። የጃዝ ወዳጆች የሚወዱላቸው ይህንን ነጻነት ይመስለናል። ምንጩ ግን በአንድ በኩል በልጅነት የተማሩት የአውሮፓ ክላሲክ ሙዚቃ፣ በሌላ በኩል ያሬዳዊው ዜማ ነው።

ጃዝ የተባሉትም ሰዎች ቢሆኑ ጣዕማቸውን ያመጡት ከቤታቸው ነው። በ1935 ይፋት የተወለደው ጌታቸው ሳክስፎን ከመያዙ በፊት ክራርና ማሲንቆ ተጫውቷል፤ በኋላም በሳክስፎኑ ሽለላን ነፋ፤ መድረክ ላይ ሲወጣም የአንበሳ ጎፈር ይደፋ ነበር። የጅማው ተወላጅ ሙላቱ ምህንድስና ሊማር ዌልስ ተልኮ ሙዚቃን መረጠ፤ ቦስተን በርክሊ ድረስ ሄዶ ተማረ፤ የእኛን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ከጃዝ ጋር አጋባ። ለሁለቱ ኦርኬስትራና የሆቴል መድረክ ነበረላቸው። ለእማሆይ ያ ሁሉ አልነበረም፤ በዚያ ላይ መነኩሲት ናቸውና ምሽት ላይ ከመድረክ አይወጡም።

በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ፤ በኢትዮጵያ ገዳም በአንዲት ጠባብ ክፍል ከፒያኖአቸው ጋር ኖሩ። እዚያም መጻፋቸውንና መጫወታቸውን አልተዉም። በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ የዓለም ታላላቅ ጋዜጦች ዜናቸውን ጻፉ።

21ኛው እትም አንዲት አባላችን ዘንድ አለ። በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ ከሂሳቡ በኋላ፣ ቡናው ሲፈላ እናሰማችኋለን። የድጓ ተማሪ ልጅ ወይም ወንድም ያላት እህት ይዛው ብትመጣ ደስ ይለናል፤ የቀኝ እጃቸውን አካሄድ ከእኛ ይልቅ እርሱ ይለየው ይሆናል።