ወንበሩን ማን ይግዛላት?

ሻንቶ ላይ “ሞተር” ካላችሁ ሰው የሚገባው አንድ ነገር ነው፦ ሁለት ጎማ ያለው፣ ከኋላው ሰውም ጆንያም የሚጫንበት፣ ከዳሞት ፑላሳ ቀበሌዎች ወደ ከተማው የሚያመላልሰው። ነጂው ማን እንደሆነ መጠየቅም አያስፈልግም፤ ወጣት ወንድ ነው። ወጣቶቹ እርስ በርስ ሲገናኙ ግን አንዱ ሌላውን መጀመሪያ የሚጠይቀው “ጎበዝ ነጂ ነህ ወይ?” ብሎ አይደለም። “ሞተሩ የማን ነው?” ነው የሚለው። የራሱ ከሆነ እሰየው፤ ካልሆነ ማታ ለባለቤቱ የሚያስገባው ገቢ አለበት።

ይህች ጥያቄ ቀላል ትመስላለች። በዓለም ላይ እጅግ ውድ በሆነው ስፖርት፣ በመኪና እሽቅድድም ውስጥም የሴቶችን ታሪክ ከሥሩ የምትገልጠው ግን እሷው ናት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከባሕር ከተወሰደ መሬት የተነሳች ልጅ

ቤይትስከ ቪሰር በ1995 ኔዘርላንድስ ውስጥ ድሮንተን በምትባል ከተማ ተወለደች። ድሮንተን ያለችበት መሬት ራሱ ታሪክ አለው፤ ደች ሰዎች ውኃውን በግድብና በፓምፕ አውጥተው በ1957 ያደረቁት አገር ነው። የቤይትስከ መንገድ እንደማንኛውም ተወዳዳሪ በካርት ተጀመረ። ካርት ማለት ከመሬት ብዙም ከፍ ያላለች፣ ጣሪያም ስፕሪንግም የሌላት ትንሽ መኪና ናት። የዛሬዎቹ የፎርሙላ ዋን ሹፌሮች በሙሉ ማለት ይቻላል በልጅነታቸው በሷ አልፈዋል።

በ2012 ወደ ጀርመን ሄዳ ለጀማሪዎች በተዘጋጀ የፎርሙላ ውድድር ነዳች፤ አሸነፈችም። በ2013 ሬድ ቡል በወጣቶች ፕሮግራሙ ተቀበላት። ማክስ ቬርስታፐንን ወደ ላይ የሳበው ያው ድርጅት ነው። በዓመቱ ግን አሰናበታት። ከዚያ በኋላ የሠራችው ብዙ ወጣት ሹፌሮች የሚሠሩትን ነው፤ ወንበር ፍለጋ። አንድ ዓመት በፎርሙላ ሬኖ፣ ሌላ ዓመት በቢኤምደብሊው የስፖርት መኪና፤ ስፖንሰር ሲገኝ መንዳት፣ ሲጠፋ መቀመጥ።

በ2019 ደብሊው ሲሪስ የሚባል የሴቶች ብቻ ውድድር ተጀመረ። አዲሱ ነገር የሴቶች መሆኑ ብቻ አልነበረም፤ ወንበሩ ነፃ ነበር። ከብዙ አመልካቾች 18 ሹፌሮች በፈተና ተመረጡ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት መኪና ተሰጣቸው፣ ማንም ከኪሱ አልከፈለም። ለሻምፒዮኗ የተዘጋጀው ሽልማት 500,000 ዶላር ነበር። ቤይትስከ ቤልጂየም ዞልደር ላይ አሸነፈች፤ ከ6 ውድድር በኋላም በእንግሊዛዊቷ ጄሚ ቻድዊክ 110 ለ100 ተበልጣ ሁለተኛ ወጣች። በቀጣዩ ዓመት ከኮሎምቢያዊቷ ታቲያና ካልዴሮንና ከጀርመናዊቷ ሶፊያ ፍሎርሽ ጋር ሆና በሌማን የ24 ሰዓት ውድድር ላይ ነዳች። ሦስቱ ሴቶች እየተፈራረቁ ቀንና ሌሊት ነድተው በምድባቸው 9ኛ፣ በአጠቃላይ 13ኛ ሆኑ።

ልብ በሉ፤ ወንበሩ በነፃ ሲሰጥ ፍጥነቱ ነበር። ግን ወንበሩ አልዘለቀም። ደብሊው ሲሪስ በ2022 ገንዘብ አልቆበት የመጨረሻዎቹን 3 ውድድሮች ሰረዘ፤ በ2023ም ተዘጋ። ጄሚ ቻድዊክ ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆና እንኳ ፎርሙላ ዋን ላይ የሚጠብቃት ወንበር አልነበረም።

የሉካንዳ ቤት ልጅና ቡና

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1958 ጣሊያናዊቷ ማሪያ ቴሬሳ ደ ፊሊፒስ በማዜራቲ መኪና ቤልጂየም ላይ ተወዳድራ 10ኛ ስትወጣ በፎርሙላ ዋን የተሰለፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። የሀብታም ቤተሰብ ልጅ ነበረች፤ በዚያ ዘመን ያለዚያ ወደዚያ መስመር መቅረብ ዘበት ነው።

ከሷ በኋላ የመጣችው ሌላ ጣሊያናዊት፣ ሌላ ላምባርዲ፣ ለወላይታ ሰው ቅርብ የሆነ ታሪክ አላት፤ የሥጋ ነጋዴ ልጅ ናት። መኪና መንዳት የለመደችው ለቤተሰቧ ሉካንዳ ሥጋ በማድረስ ነው። ቁርጥና ዳጣ የሚያውቅ ሰው ሥጋ በሰዓቱ መድረስ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ታዲያ የሉካንዳ ቤት ልጅ እንዴት ፎርሙላ ዋን ደረሰች? በ1975 መኪናዋ ላይ የተጻፈውን ስም ብታዩ መልሱ ይገኛል፦ ላቫዛ፣ የጣሊያን ቡና ቆዪ ኩባንያ። ቡና የበቀለበት አገር ሴቶች ሳይሆኑ ቡናውን ቆልቶ የሚሸጠው አገር ሴት ወንበሩን አገኘች ማለት ነው። ክፋት የለበትም፤ ገንዘቡ የት እንደሚቀር ግን ይናገራል።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ባርሴሎና ላይ ላምባርዲ 6ኛ ሆነች። ውድድሩ በከባድ አደጋ ምክንያት ግማሹ ላይ እንኳ ሳይደርስ ስለቆመ ነጥቡም ለሁለት ተከፈለ፤ ለሷ የደረሳት ግማሽ ነጥብ ነው። በፎርሙላ ዋን ታሪክ ሴት ያገኘችው ነጥብ እስከ ዛሬ ያቺው ግማሽ ናት። ላምባርዲ ለመጨረሻ ጊዜ የተወዳደረችው በ1976 ነበር። ከዚያ ወዲህ በፎርሙላ ዋን መነሻ መስመር ላይ የቆመች ሴት የለችም።

የሞከረች ግን አለች። በ1992 ጆቫና አማቲ ብራባም ለሚባል ቡድን ሦስት ጊዜ ማጣሪያ ነድታ ሦስቱንም ጊዜ ሳታልፍ ቀረች። “ይኸው ሴት አትችልም” ያለው ሰው ብዙ ነው። በቦታዋ የተተካው እንግሊዛዊው ዴሞን ሂል ነበር። እሱም በዚያ መኪና 8 ጊዜ ሞክሮ ያለፈው 2 ጊዜ ብቻ ነው። ያው ዴሞን ሂል ጥሩ መኪና ሲያገኝ በ1996 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሰውየው ያው ነው፤ የተለወጠው ወንበሩ ነው። አማቲ ሂልን ታክላለች ማለቴ አይደለም። መኪናው በዚህ ደረጃ ሰውን ከፍ ዝቅ በሚያደርግበት ስፖርት ሦስት ማጣሪያ አይቶ ስለ ሴት ሁሉ መፍረድ ግን ሚዛን አይሆንም።

ጉልበትስ?

እውነቱን እንነጋገር ካልን ገንዘብ ብቻውን ሁሉንም አያብራራም። ከፎርሙላ ዋን በታች ያለው የፎርሙላ ቱ መኪና መሪውን የሚያቀልል መሣሪያ የለውም፤ ክንድና ትከሻን በጣም ይፈትናል። ኩርባ ላይ አንገት የሚሸከመው ጫናም ቀላል አይደለም። ይሄ በሥልጠና የሚገነባ ቢሆንም ሥልጠናው ራሱ ዓመታትንና ወጪን ይጠይቃል።

ሁለተኛው የቁጥር ጉዳይ ነው። ካርት ላይ ከሚጀምሩት ሕፃናት ሴቶቹ ጥቂት ናቸው። ከሺህ ወንድ ልጆች አንዱ ጫፍ ቢደርስ፣ ከጥቂት ሴቶች ማንም ባይደርስ ሒሳቡ አይገርምም። እዚህ ላይ የማክስ ቬርስታፐንን እናት ማንሳት ተገቢ ነው። ቤልጂየማዊቷ ሶፊ ኩምፐን ስመ ጥር የካርት ተወዳዳሪ ነበረች፤ በ1995 ጣሊያን ውስጥ የአንድሬያ ማርጉቲ ዋንጫን ወስዳለች። ልጇ በ1997 ተወለደ፤ ከ2021 እስከ 2024 አራት ጊዜ ተከታትሎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሰው ሁሉ “የአባቱ የዮስ ልጅ” ይለዋል። የእናቱን ዋንጫ የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው።

ማያ ዌግ፣ አዲሱ በር

ከቤይትስከ በኋላ ያለው ትውልድ ስም ማያ ዌግ ነው። በ2004 ስፔን ውስጥ ከደች አባትና ከቤልጂየማዊት እናት ተወለደች፤ አሁን የምትወዳደረው በኔዘርላንድስ ባንዲራ ነው። የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ወጣት ሴቶችን ለመመልመል ያዘጋጀውን ውድድር አሸንፋ በጥር 2021፣ ገና በ16 ዓመቷ፣ የፌራሪ የሹፌሮች አካዳሚ ገባች። በአካዳሚው ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ናት።

በ2023 ፎርሙላ ዋን ራሱ “ኤፍ ዋን አካዳሚ” የሚል የሴቶች ውድድር ከፈተ። ሒሳቡን ተመልከቱ፦ በመጀመሪያው ዓመት አዘጋጁ ለእያንዳንዷ መኪና 150,000 ዩሮ ሲደጉም ሹፌሯም ያንኑ ያህል እንድታመጣ ይጠበቅ ነበር። ይህ እንግዲህ “ርካሹ” መንገድ ነው። ማያ በ2024 ሦስተኛ፣ በ2025 ደግሞ ከፈረንሳዊቷ ዶሪያን ፓን ቀጥላ ሁለተኛ ሆና ጨረሰች። ጥሩ ውጤት ነው። ግን ኤፍ ዋን አካዳሚ ከመሰላሉ ታችኛው እርከን አካባቢ ነው፤ ከሱ በላይ ፎርሙላ ስሪ አለ፣ ፎርሙላ ቱ አለ፣ እያንዳንዱም ከበፊቱ ይበልጥ ይወደዳል። በሩ ተከፍቷል፤ ደረጃው ገና ነው።

ሞተር የማይጠይቀው ፍጥነት

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ጆቫና አማቲ ማጣሪያ ባላለፈችበት በዚያው 1992 ባርሴሎና ላይ የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደች። በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ከ17 ዓመት በፊት ላምባርዲ ግማሽ ነጥቧን ያገኘችውም እዚያው ከተማ ነበር።

ኔዘርላንድስም ከእኛው መንደር የሄደች ሌላ ፈጣን ሴት አለቻት። ሲፋን ሐሰን አዳማ ተወልዳ በ2008፣ በ15 ዓመቷ፣ በስደት እዚያ ደረሰች። የነርስነት ትምህርት እየተማረች ሮጠች፤ በ2013 ዜግነት አገኘች። በቶኪዮ ኦሊምፒክ ሁለት ወርቅና አንድ ነሐስ፣ በፓሪስ 2024 ሁለት ነሐስና የማራቶን ወርቅ ወሰደች። ማራቶኑን ያሸነፈችው የእኛዋን ትዕግሥት አሰፋን በ3 ሰከንድ ቀድማ ነው።

ሁለቱን ደች ሴቶች፣ ቤይትስከንና ሲፋንን፣ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንዷ እዚያው ተወልዳ፣ ፓስፖርቱም ቋንቋውም መንገዱም እያላት ወንበር ስትፈልግ ዓመታት አለፉ። ሌላዋ ምንም ሳትይዝ መጥታ የዓለም ቁንጮ ሆነች። ልፋታቸውን ማወዳደር አይቻልም፤ ለሩጫም አሠልጣኝ፣ ምግብና ጫማ ያስፈልጋል፤ ስደት ደግሞ የራሱ መከራ አለው። ነገር ግን የመግቢያ ትኬቱ ዋጋ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። የኢትዮጵያ ሴቶች ዓለምን በፍጥነት ያሸነፉት ፍጥነት በገንዘብ በማይገዛበት ቦታ ነው። “ሴቶቻችን በተፈጥሯቸው ለሩጫ የተፈጠሩ ናቸው” የሚለው አባባል ይህንን ይረሳዋል። የሚሮጡት ስለሚችሉ ነው፤ ደግሞም ክፍት የነበረው በር እሱ ስለሆነ ነው።

እንግዲህ አንዲት ልጅ “መንዳት እፈልጋለሁ” ስትል የምንሰጣት መልስ ላይ እናስብበት። ሶዶ ውስጥ ባጃጅ ይሁን፣ አይሱዙ ይሁን፣ የውድድር መኪና ይሁን፣ “ትችያለሽ ወይ?” ብሎ መጠየቅ ይቀናናል። ከላምባርዲ እስከ ማያ ያለው ታሪክ የሚነግረን ግን መቻል አለመቻሏ የሚታወቀው ከተቀመጠች በኋላ መሆኑን ነው። መጀመሪያ ቁልፉን የሚሰጣት ሰው ያስፈልጋል።