ብዙ የተነበበው ኪታብና የተረሳው ገጽ

በዛሬው ዓለም የአንድ የሕክምና ተመራማሪ ሚዛን ሁለት ጥያቄ ነው። ምን ያህል ጻፈ? የጻፈውንስ ስንት ሰው ጠቀሰለት? ለዚህ ቆጠራ በር የከፈተው አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ማን የማንን ጽሑፍ እንደጠቀሰ የሚያሳይ ሰፊ መዝገብ ማሳተም ጀመረ። ዓላማው ተመራማሪዎች የሚፈልጉትን ጽሑፍ በቀላሉ እንዲያገኙ ነበር። ውሎ አድሮ ግን መዝገቡ የሰው መመዘኛ ሆነ።

በኢስናድ ላደግን ሰዎች ነገሩ እንግዳ አይደለም። የሐዲስ ሊቃውንት ግን የአስተላላፊዎቹን ቁጥር ብቻ ቆጥረው አልተቀመጡም። ሰውየው ማን ነው? ሲያስተላልፍ ይጠነቀቃል ወይ? ብለው ጠይቀዋል።

እስኪ በዚህ አዲስ ሚዛን ላይ ኢብኑ-ነፊስን እናስቀምጣቸው። ደማስቆ ተምረው ካይሮ የኖሩ ሐኪም ናቸው። የሻፊዒይ መዝሀብ ዓሊምም ስለነበሩ በመስሩሪያ መድረሳ ፊቅህ አስተምረዋል። በ687 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1288) ሲሞቱ ቤታቸውንና ኪታቦቻቸውን ለመንሱሪ ሆስፒታል አወረሱ። በብዛት ከሆነ የሚተካከላቸው ጥቂት ነው። «አሽ-ሻሚል» የተባለውን የሕክምና ኪታብ በ300 ጥራዝ ሊጽፉ አስበው 80ውን እንደጨረሱ የታሪክ ጸሐፊዎች ያወሳሉ።

የእሳቸው ትልቁ ነገር ግን ያለው በሌላ ኪታብ፣ በኢብኑ ሲና «ቃኑን» የአካል ክፍሎች ትምህርት ላይ በጻፉት ሸርህ ውስጥ ነው። ከጃሊኑስ (ጋለን) ጀምሮ ከሺህ ዓመት በላይ ሐኪሞች ሲያስተምሩ የኖሩት፣ ደም ከቀኙ የልብ ክፍል ወደ ግራው የሚያልፈው በመሐል ግድግዳው ላይ ባሉ የማይታዩ ቀዳዳዎች ነው እያሉ ነበር። ኢብኑ-ነፊስ ግድግዳው ድፍን ነው፣ ቀዳዳ የለውም አሉ። ደሙ ከቀኙ ክፍል ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ እዚያ ከአየር ጋር ይቀላቀላል፣ ከዚያም ወደ ግራው ክፍል ይመለሳል። ዛሬ ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚያውቀው ይኸው ነው። በአውሮፓ ይህን ሐሳብ ሰርቬተስ በ1553 በማተሚያ አወጣው፤ ዊሊያም ሃርቬይ ደግሞ በ1628 የመላ አካሉን የደም ዝውውር አስረዳ። ሰርቬተስ ከኢብኑ-ነፊስ ወሰደ የሚሉ አሉ። ማስረጃው እጃችን እስኪገባ እንዲህ ብለን ባንፎክር ይሻላል።

ታዲያ ሙስሊሙስ ምን አደረገበት? ጥቂት የሸርህ ጸሐፊዎች ጠቀሱት፣ ከዚያ ዝም ተባለ። ኢብኑ-ነፊስ ግን አልተረሱም ነበር! «አል-ሙጀዝ» የተባለው የቃኑን ማሳጠሪያቸው ከአገር አገር ዞሯል፣ ሸርህ በሸርህ ላይ ተጽፎበታል። ችግሩ ሙጀዝ የአካል ክፍሎችን ትምህርት የዘለለ መሆኑ ነው። ስማቸውን ያስጠራው ኪታብ ግኝታቸው የሌለበት ኪታብ ሆነ። እኛም ደረሳ ሳለን አጭሩን ቀርተን ሸርሁን ሳንከፍተው ስንት ጊዜ አልፈናል!

ይህ የድሮ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ኦሊቨር ላውሪ በ1951 ከባልደረቦቹ ጋር የፕሮቲንን መጠን መለኪያ ዘዴ ጻፈ። ይህ ጽሑፍ ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል፤ በ2014 በወጣ ዝርዝርም በሳይንስ ታሪክ ብዙ ከተጠቀሱት ቀዳሚው ነበር። ላውሪ ራሱ ግን ታላቅ ሥራ ነው ብሎ አልቆጠረውም። በየላቦራቶሪው የሚያስፈልግ መሣሪያ ስለሆነ ነው የተጠቀሰው፤ ልክ እንደ ሙጀዝ።

የተረሳውን ገጽ ያገኘው ሙህየዲን አት-ተጣዊ ነው። በጀርመን አገር በፍራይቡርግ ይማር የነበረ ግብጻዊ ሐኪም ሲሆን፣ በርሊን ቤተ መጻሕፍት የተቀመጠውን የእጅ ጽሑፍ አንብቦ በ1924 የመመረቂያ ጽሑፉን አቀረበ። ያ ጽሑፉም ሳይታተም ቀረ። ዓለም ስለ ኢብኑ-ነፊስ የሰማው የታሪክ ተመራማሪው ማክስ ማየርሆፍ በ1930ዎቹ ስለ እሳቸው ሲጽፍ ነው።